ቀያዮቹ ካስማዎች

ረቡዕ፣ ጥር 13። ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ

ድንኳኑን እያራገፍኩ ነው። ውርጩ እንደ ጨው ይረግፋል። ጣቴ ደንዝዞ ብዕሩን በቡጢ ነው የያዝኩት፤ ጽሑፌ ካስጠላሽ ቻይው፣ ደብተሬ።

የመጀመሪያው ሌሊት በሰላም አለፈ። ከጥሊሊ በላይ፣ ቀርቀሃው ውስጥ። ጅብ ጮኸ፣ አልመጣም። ሌባም አልመጣም። ቢሆንም የቦርሳዬን ማንገቻ ከእግሬ ጋር አስሬ ነው የተኛሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የመ/ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ሲስቅልኝ መጀመሪያ ኪሴን ነው የምዳስሰው።

ባለቤቴ ብርቱካን ዳንግላ ቤታችን ቁጭ ብላ እየሳቀችብኝ ነው፣ አውቃለሁ። ቤት እያለው ሜዳ የሚያድር ጤነኛ አይደለም ብላ ነው የሸኘችኝ። ስልኬ ላይ ያየኋቸውን ሰዎች አሳይቻት ነበር፤ ቤታቸውን አዝለው ብቻቸውን ከተራራ ተራራ የሚሄዱ፣ የመሸበት የሚያድሩ። ዘመድ የሌላቸው ናቸው አለች። እስከ እሁድ የዓመት ፈቃድ አለኝ። እስከ እሁድ ዘመድ የለኝም።

ካስማዎቹን ጠራርጌ ከተትኩ። ከድንኳኑ ጋር የመጡት ቀጫጭን ነበሩ፤ ጓሯችን ውስጥ ስሞክራቸው ተጣመሙ። አንድ በያጅ ከቶንዲኖ ብረት ቆርጦ ሌላ ሠራልኝ። ቀይ ቀለም የቀባኋቸው እኔ ነኝ፣ ሣር ውስጥ እንዳይጠፉ። ምልክት የሌለው ንብረት የማንም ነው፤ መ/ቤት ያስተማረኝ ይሄን ነው።

ያው ቀን፣ ማታ

ተረተሩን ይዤ ስሄድ ዋልኩ። አሁን አንዲት መንደር ዳር ነኝ። ስሟን አልጽፍም፤ ከእጄ ብትወጪስ?

ሜዳው ላይ ወንዶች ለጥር ጊዮርጊስ ፈረስ ያለማምዳሉ። ሲያዩኝ ልጓም ሳቡ። ሰላምታው በአማርኛ፣ ከዚያ ወዲያ እርስ በርሳቸው በአዊኛ። የእኔ አዊኛ ከእንዴት ዋላችሁ አያልፍም። ዓይናቸው ከቦርሳዬ ጎን ብቅ ያሉት ካስማዎች ላይ ነው። አንዱ፣ ከመሬት አስተዳደር ነህ ወይ፣ ልትለካ ነው የመጣኸው አለኝ። የለም፣ ለእረፍት ነው፣ በእግሬ እየዞርኩ ነው አልኩ። "ለእረፍት?" አለ። ሁሉም ሳቁ። ምን ያስቃል? ኪሴን ዳሰስኩ።

አንድ ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም። አያ ታፈረ ይባላሉ። ስላልሳቁ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሳቸውን ነው። ቤቴ ይግቡ አሉኝ። እምቢ አልኩ፤ የመጣሁት ውጭ ለማደር ነው። ቅር አላቸው፤ እንግዳ ደጅ አሳደረ ተብዬ ምን ይሉኛል አሉ። ዞር ብለው ካስማዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ፊታቸው ፈታ አለ። እንግዲያው መሬቴ ላይ ይደሩ፣ ቦታውን እኔ አሳይዎታለሁ አሉ።

እርስዎ ይሉኛል። የልጃቸው እኩያ የምሆነውን። ይሄንንም ያዢልኝ።

እኔ የመረጥኩት ባሕር ዛፉ ሥር ነበር፣ ከነፋስ ይከልላል። አይሆንም አሉ። የእሳቸውን የድንች ማሳ አልፈን፣ የታጨደ ገብስ ውስጥ ገባ ብለን፣ በከዘራቸው ጫፍ አንድ ገላጣ ቦታ አሳዩኝ። እዚህ ነፋስ የለም አሉ። ነፋሱ ባርኔጣዬን ይዞት ሊሄድ ደርሷል! መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ የራስጌው ካስማ እስከ ግማሹ እንኳ አልገባም። አያ ታፈረ በዚያ ዕድሜያቸው ድንጋይ እያንከባለሉ አምጥተው ከመሩበት። አፈርኩ። ጾም ስለሆነ ድንች ቅቅል በአዋዜ አመጡልኝ። እጅ ያስቆረጥማል።

ከማዶ፣ ከገብሱ ማሳ ጫፍ፣ አንዲት ሴት እጇን አጣምራ ቆማ ታየኛለች። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳት። አልመለሰችም። እስኪጨልም ንቅንቅ አላለችም። ቦርሳዬን አስሬያለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 14። ጠዋት

ተሰረቅኩ!

የራስጌው ድንጋይ ተበታትኗል፣ ካስማው የለም። ጭንቅላቴ ካረፈበት አጠገብ ሰው መጥቶ ነቅሎ ሄዷል፤ እኔ አንኮራፋለሁ። ውርጩ ላይ ዱካ አለ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሴትዮዋ ቤት። ከመግቢያው ወጥቶ ያደረ ጫማዬን አልነካችም። ያሰጣሁትን ሹራብ አልነካችም። አንድ ቁራጭ ብረት! ምን ያደርግላታል?

ለአያ ታ. ነገርኳቸው። አልገረማቸውም። የሟች ወንድማቸው ሚስት ናት። ወንድማቸው ከሞተ ወዲህ በወሰን ይጣላሉ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጥላቸዋል። ነገሩ ይሄ ነው፤ እሷ ገብሱ ሙሉውን፣ እስከ ድንቹ ድረስ የእኔ ነው ትላለች። እሳቸው ግማሹ የእኔ ነው፣ ለወንድሜ አዝኜ ነው ይረስ ብዬ የተውኩለት ይላሉ። ግማሹ ከሄደ እሷ ምን ይቀራታል አልኳቸው። ጓሮዋ አሉ። ልጆች አሏት ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ካስማ የሰረቀች መሬት አትሰርቅም? አልኩ በልቤ። እውነቴን ነው፣ ደስም አለኝ። ጥርጣሬዬ ልክ ሲሆን ደስ ይለኛል።

እዚህ ድጋሚ እንዳትመጣብዎ ቦታ ይቀይሩ ብለው መከሩኝ፤ ከፍ ብሎ፣ ፀሐይ ቶሎ የምታገኘው ጋ። እሺ አልኩ። ተራራውን ከትናንት ጀምሮ ጉም ሸፍኖታል፣ እኔም ጫፉን ሳላይ አልነሳም ብያለሁ፤ ማደሬ ካልቀረ እሳቸው ያሉት ይሁን። ከመሄዴ በፊት ድንጋዩን ልበትነው ስል (ስልኬ ላይ ያሉት ሰዎች የተኙበትን ሣር እንኳ አቃንተው ነው የሚነሱት) ከዘራቸውን አስቀደሙ። ይተዉት፣ ለአጥር እለቅመዋለሁ አሉ። ዞር ስል ግን የተበታተነውን መልሰው ሲከምሩት አየሁ። ለአጥር የሚለቀም ድንጋይ እንደገና ይከመራል?

ጻፍኩት እንጂ አልጠየቅኩም። እርጎ ይዘውልኝ መጥተው ነበር።

ያው ቀን፣ ማምሻ

በጉሙ ምክንያት ወደ ቀርቀሃው ሸለቆ ወርጄ ስዞር ዋልኩ። የሰው ድምፅ የለም። ውኃ፣ ወፍ፣ የራሴ ትንፋሽ። ለዚህ ነበር የመጣሁት፣ ደብተሬ! ለአንድ ሰዓት ያህል ማንንም አልጠረጠርኩም፤ ወፎቹን እንኳ።

ወደ መንደሩ ስመለስ ለብርቱካን ልደውል ብዬ ኔትዎርክ ፍለጋ ስልኬን ወደ ሰማይ አንስቼ ወዲህ ወዲያ አልኩ። አንድ መስመር እንኳ የለም። ቀና ስል በየጉብታው ሰው ቆሟል። ሁሉም ስልኬን ያያሉ። ሴትዮዋም ቆማለች፤ አሁን እጇ አፏ ላይ ነው።

አዲሱ ቦታ ላይም አያ ታ. ድንጋይ ከመሩልኝ። ያው የራስጌው በኩል። አንድ ፈረሰኛ መጥቶ በአዊኛ አዋራቸው፤ ወሬው ውስጥ የለየሁት ድንጋይ የሚለውን ቃል ብቻ ነው። እሳቸው ምንም አልመለሱም። የሚያዩት እኔን ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 15። ከሰዓት

ዛሬም ጉም። ዛሬም ቦታ ቀየርኩ፤ ዛሬም ራስጌዬ ላይ ድንጋይ ከመሩልኝ። እዚያኛው ጋ ላሞች ያልፉበታል አሉኝ። ትናንት ላም ያየሁበት ሰዓት የለም። ቢሆንም ድንቹ ትኩስ ነበር፤ እኔም የበላሁበትን ቤት መጠርጠር አስጠልቶኝ ተከተልኳቸው። ጥርጣሬዬን ሁሉ ለሴትዮዋ ነው ያዋጣሁት።

እሷም መጣች።

ድንኳኑ ደጃፍ ቁጭ ብዬ አንቺን ስጽፍ ነው የመጣችው። ጭድ የተጎዘጎዘበት ሰፌድ ይዛ። ጭዱ ላይ እንቁላል። ሳትቀመጥ፣ አማርኛውን እየመረጠች፦

"ጌታዬ፣ የኔንም ስም ይጻፉልኝ።"

ምን ላይ አልኳት።

"እዚያው ላይ። የሱን ከጻፉበት።"

የማንንም ስም አልጻፍኩም፣ ለራሴ ነው የምጽፈው አልኩ።  "ለራሱ የሚጽፍ ሰው ምን እረሳለሁ ብሎ ነው?" አለች። ተቆጣሁ። ካስማዬን መልሺ አልኳት። ዓይኗን አልሰበረችም። "የነቀልኩት ከመሬቴ ላይ ነው" አለች።

ድፍረቷ! ሰርቃኝ በእንቁላል ልታባብለኝ ነው አልኩና ሰፌዱን በእጄ መለስኩት። መ/ቤት ውስጥ ስንቱ ሊያጎርሰኝ ሞክሮ እምቢ ያልኩ ሰው ነኝ፤ ይሄን አውቃለሁ። ሰፌዱን አቅፋ ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞረች።

"የሱን ድንች በልተው የኔን እንቁላል ይጠየፋሉ?"

ሄደች። አያ ታ. ከድንች ማሳቸው ሆነው ሲያዩን ነበር። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጻፉላት ወይ? አልጻፍኩም አልኳቸው። እግዜር ይስጥልኝ አሉ። ለምንድን ነው የሚያመሰግኑኝ? ምን አደረግኩላቸው?

ድንቹ ዛሬ አልወርድ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16። ጠዋት፣ ተራራው ጫፍ ላይ

ጉሙ ተገልጧል።

እንጅባራ በስተሰሜን በቆርቆሮዋ ታብለጨልጫለች። በየአቅጣጫው የከሰል ጭስ። እዚህ ለመድረስ ልቤ ሊወጣ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ወደ ታች አየሁ። መንደሯ፣ ድንቹ፣ ገብሱ። ድንኳኔ ቢጫ ሆና ትታየኛለች። ከእሷ በታች የትናንት በስቲያው... አይ፣ ረጋ ብዬ ልጻፈው። ከድንኳኔ ራስጌ ያለው የድንጋይ ክምር። ከእሱ በታች የሐሙሱ ክምር። ከእሱ በታች የረቡዑ። ሦስቱም በአንድ መስመር፣ ገመድ ተይዞ የተወጠረባቸው ያህል፣ የሴትዮዋን ገብስ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ከፍለውታል። አንድም ድንጋይ ለአጥር አልተለቀመም።

ነፋሱም፣ ፀሐዩም፣ ላሞቹም ውሸት ነበሩ። መሬት ሲካለል እንዲህ ነው የሚደረገው፤ ቀይ ብረት ይተከላል፣ ድንጋይ ይከመራል፣ አንድ የማይታወቅ ሰው ደብተር ይዞ ይጽፋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሴትዮዋ የነቀለችው የእኔን ካስማ አይደለም፤ ወሰን ነው የነቀለችው። እንቁላሉም...

እንቁላሉን አሁን አልጽፈውም።

ማታ። ጥሊሊ፣ አልጋ ቤት

ወርጄ ክምሩን ማፍረስ ጀመርኩ። አያ ታፈረ መጡ። ከዘራቸው ዛሬ ድንጋዩ ላይ አረፈች። ተወው አሉኝ። አንተ ሆኛለሁ።

የመንግሥት ሰው አስመሰሉኝ አልኳቸው። አላስመሰልኩም አሉ። "እነሱ ናቸው የመንግሥት ሰው ነው ያሉ። እኔ ዝም ነው ያልኩ።" እግዜር ያሳይሽ፣ ውሸት እንኳ አልወጣቸውም! ሰው ሁሉ አይቶሃል፣ ስትተክልም ስትጽፍም አይተውሃል፣ አሁን ብታፈርሰው በአንተ አያበቃም፤ መንገደኛ ነህ፣ መንገድህን ሂድ አሉ። ሁለት ፈረሰኞች ቀረብ ብለው ቆሙ። የእሳቸው ሰዎች ይሁኑ ወይም ዝም ብለው የሚያዩ፣ አላወቅኩም። 

ፈራሁ። ማሳመሪያ የለውም፣ ፈራሁ። ድንኳኔን ጠቅልዬ ወረድኩ። ክምሮቹ እንደቆሙ ናቸው። በደጇ ሳልፍ በሯ ተዘግቷል።

ጥሊሊ ስደርስ ኔትዎርክ መጣ። ብርቱካን ደወለች፣ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች።  አንተ ምን አገባህ፣ ቶሎ ቤትህ ና ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እንቁላሉን ለምን አልተቀበልካትም አለችኝ። ጉቦ ስለሆነ አልኩ። "የፈራች ሴት ናት" አለች። ኔትዎርኩ ተቋረጠ። ወይም ዘጋችው።

ደብተሬ፣ አንድ ነገር እውነቱን ልንገርሽ። ወሰኑ የት እንደሆነ እኔ አላውቅም። ምናልባት ሽማግሌው እውነት አላቸው። ግን እውነት ያለው ሰው የእኔ ድንጋይ ምን ያደርግለታል? ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይቀመጣሉ። ነገ ጠዋት ሚኒባስ አለ። ሁለቱንም እያሰብኩ ነው።

እሁድ፣ ጥር 17። ጠዋት፣ ሚኒባስ ውስጥ

የኋላ ወንበር። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ። ረዳቱ እንጅባራ፣ ዳንግላ እያለ ይጮሃል። ሦስት ሰው ይጎድለዋል ይላል፤ የሚጎድለው ከዚያ በላይ ነው።

ነገሩን አገላበጥኩት። ብመለስ ማን ያምነኛል? ሴትዮዋ ገዝታዋለች ይሉኛል። በእንቁላል! ሽማግሌው ይክዱኛል። ፈረሰኞቹስ? ባልመለስ ደግሞ ማንም አይጠይቀኝም። ሰኞ ቢሮዬ እገባለሁ፣ ተራራ ወጣሁ ብዬ ፎቶ አሳያለሁ። ፎቶው ላይ መስመሩ ይታያል። ማንም አያስተውለውም፣ ከእኔ በቀር።

በልማዴ ቦርሳውን ከፍቼ ዕቃዬን አየሁ። ሁሉም አለ። አንድ ካስማ ጎድሏል።

ጉድለት ይዤ ርክክብ ፈርሜ አላውቅም።

ልውረድ ካልክ ሂሳብህ አይመለስም ይላል ረዳቱ። ወረድኩ። ሌላም ነገር ተናግሯል፤ አንቺ ላይ አይጻፍም። ባጃጅ እስከ መንገዱ መጨረሻ፣ ከዚያ በእግር። ሰዓቱ እንዳያልፍብኝ ብቻ።

ያው ቀን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ

ደረስኩ። ላብ በላብ ሆኛለሁ። ሽማግሌዎቹ የጽዱ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሕዝቡ ዙሪያቸውን ቆሟል። ነገሩ በአዊኛ ነው የሚሄደው፤ ጎኔ ያለ ሰው በሹክሹክታ ይነግረኛል። አያ ታፈረ ተናግረው ጨርሰዋል። ምልክቱ ያለበትን ሁላችሁም አይታችኋል ነው ያሉት። ማን ምልክት እንዳደረገ አልተናገሩም። አሁንም ዝም ነው ያሉት።

ሽማግሌዎቹ ሴትዮዋን በስሟ ጠሩ። እናትነሽ። ስሜን ይጻፉልኝ ስትለኝ ማን ነሽ ብዬ እንኳ አልጠየቅኳትም ነበር። ከኋላዋ አራት ልጆች ተደርድረዋል። ከዚያ ገብስ ነው የሚበሉት።

መልስ ስጪ አሏት።  ነጠላዋ ሥር የሆነ ነገር ጨብጣለች። ጫፉ ቀይ ነው።

ይሄን ልጽፍ አንቺን ሳወጣሽ ሹክሹክታው ቆመ። ሽማግሌዎቹም፣ ፈረሰኞቹም፣ ሁሉም ብዕሬን ያያሉ። አያ ታፈረ ዞረው አዩኝ። ደነገጡ። ከዚያ ብዕሩን አዩና ፈገግ አሉ፤ በከዘራቸው ወደ እኔ አመለከቱ፣ አንድ ቃል ሳይወጣቸው። እናትነሽም ታየኛለች፤ ፊቴን ሳይሆን እጄን።

እያንዳንዷ መስመር መሬቷን እየወሰደባት ነው። ብዕሩን ልከድን ነው፣ ደብተሬ። ድንኳኑን እዚሁ መሐላቸው ልተክለው ነው፣ ገብቼም ልተኛበት ነው፣ ይሳቁብኝ። የጎደለችውን ካስማ ከእጇ ተቀብዬ የእኔ ናት፣ የድንኳን ካስማ ናት እላለሁ።